በአንድ ሌሊት 31 ጊዜ የተነፋ ጥሩምባ

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጫማዬን በማሰር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የደወለችውን ሴት በመልክም በስምም አላውቃትም፤ ድምጿ ግን ሲያለቅስ የሰነበተ ሰው ድምፅ ነበር። «እኅቴ፣ በጠዋት ስላስቸገርሁሽ ይቅር በይኝ። ዓርብ ማታ ያወጣሁት የእናቴ ማስታወቂያ የት ሄደ?» አለችኝ። እናቷ አዲስ አበባ ዐርፈው፣ ለቀብር መድረስ ሳይሆንላት ቀርቶ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በምትኖርበት ቤት ቅዳሜና እሑድ ለቅሶ እንደምትቀመጥ የሚገልጽ አምስት መስመር ጽሑፍ ከነአድራሻው አውጥታ ነበር። ያወጣችውም እኔና ሌሎች ሦስት ሰዎች በበጎ ፈቃድ በምንጠብቀው የማኅበረሰብ የዜና ድረ ገጽ ላይ ነው።

ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ፈለግሁት። አልጠፋም፤ ማንም አልሰረዘውም። የፊት ገጻችን የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 20 ጽሑፎች ብቻ ነው፤ ዓርብ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ አንድ ሰው አንድ የአፓርታማ ሽያጭ ማስታወቂያ በየክፍሉ እየዞረ 31 ጊዜ ለጥፎ ነበር፤ በዜና፣ በሥራ፣ በቤት ኪራይ፣ በትምህርት፣ በጤና፣ በሃይማኖት፣ እንዲያውም በሐዘን መልእክት ክፍል ሳይቀር። አምስቱ መስመሮች ገና ሳይነጋ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተገፍተው ነበር። ከእኛ መካከል ማስታወቂያዎቹን ያየ ሰው የተገኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ እርሱም አንድ በአንድ ሲያነሣ አመሸ። ለቅሶ ቤቱን በዚያ ጽሑፍ ያውቁት የነበሩ ሰዎች በዚያን ጊዜ የቀኑን ገጽ አይተው ዘግተውታል። ሴትዮዋ ሰው እንዳልመጣላት አልነገረችኝም፤ የጠየቀችኝ የት እንደ ሄደ ብቻ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ባዶ ወንበር የተደረደረበት ሳሎን ነበር የሚታየኝ።

ከዚያ ሰኞ በፊት አይፈለጌ መልእክትን እንደ ትቢያ አየው ነበር። ይመጣል፣ ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ጽሑፉ አንድ ቦታ ሲለጠፍ ሌላ ጽሑፍ ከአንድ ቦታ እንደሚያስነሣ፣ የተነሣውም ጽሑፍ ባለቤት እንዳለው በትክክል የገባኝ በዚያ ስልክ ነው።

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞሩ ይነፉና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገሩ ነበር። ድምፁን የሰማ ሁሉ በተኛበት ጆሮውን ያቆማል፤ ለከንቱ እንደማይነፋ ያውቃልና። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ጥሩምባውን ከተቀመጠበት ቤት ሰርቀው በጨለማ ነፉት። ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ በባዶ እግራቸው ሲወጡ አስታውሳለሁ። የዕድሩ ዳኛ በነጋታው የልጆቹን አባቶች አስጠርተው ቀጡ። ያኔ ቅጣቱ ለተሰረቀው ጥሩምባ መስሎኝ ነበር። ዳኛው የተናገሩትን ግን አባቴ እስኪያረጅ ድረስ ደጋግሞ ይናገረው ነበር፦ «ሰው የሚቀጥለውን ጥሩምባ ሲሰማ ተኝቶ ይቀር ይሆናል፤ ልጆቻችሁ የወሰዱት እሱን ነው።»

ክፍት የሆነ የማኅበረሰብ ድረ ገጽ ማለት ጥሩምባው በሁሉም እጅ ያለበት ሰፈር ነው። ማንም ሰው የአርታኢ ፈቃድ ሳይጠብቅ ያየውንና የሰማውን ይጽፋል። ይህን መብት እወደዋለሁ፤ ብዙ ጊዜዬንም የሰጠሁት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ጥሩምባው በሁሉም እጅ ሲሆን አለመንፋትም የሁሉም ሥራ ይሆናል።

ይህ ችግር ከእኛ ድረ ገጽ እጅግ የቆየ ነው። ታሪኩን በማነብበት ጊዜ ያስገረመኝ ነገር ቢኖር አንዱን ጽሑፍ በብዙ ቦታ ማውጣት፣ ማለትም ክሮስ ፖስቲንግ፣ ሲጀመር የጨዋነት መንገድ የነበረ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ዩዝኔት የተባለውን የውይይት መረብ ወጠኑ። በዚያ መረብ ላይ አንድ ጉዳይ ሁለት ወይም ሦስት ቡድኖችን የሚመለከት ከሆነ ጸሐፊው መልእክቱን አንድ ጊዜ ጽፎ የቡድኖቹን ስም በአንድ መስመር ይዘረዝራል። በእያንዳንዱ አገልጋይ ኮምፒዩተር የሚቀመጠው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ቡድን ውስጥ ያነበበው ሰው በሌላው ቡድን ውስጥ እንደ አዲስ አይመጣበትም፤ ጸሐፊው ከፈለገም መልሶቹ ሁሉ ወደ አንድ ቡድን እንዲሰበሰቡ ማድረግ ይችላል። የአንባቢውን ጊዜና የኮምፒዩተሩን ቦታ የሚቆጥብ ዘዴ ነበር። እንደ ነውር ይታይ የነበረው ያንኑ መልእክት ለየቡድኑ ለየብቻ መለጠፍ ነው፤ አንባቢው በየሄደበት አንዱን ነገር ደግሞ ደጋግሞ እንዲያይ ያስገድደዋልና። ዛሬ በድረ ገጾች ላይ ክሮስ ፖስቲንግ የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስሙን ወርሰን ጨዋነቱን ጥለነዋል።

ያ ጨዋነት ከተሰበረባቸው ቀኖች ሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1994 ነው፤ ጉዳዩም እኛን ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚነካ ነው። በአሪዞና የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል፣ በአንድ አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት አንድ ማስታወቂያ ከ5,000 በሚበልጡ የዩዝኔት ቡድኖች ላይ ለየብቻ አወጡ። ማስታወቂያው ስለ ግሪን ካርድ ዕጣ ነበር፤ እኛ ዛሬ ዲቪ ስለምንለው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተመሠረተው ይህ ዕጣ በዚያ ወቅት ገና መጀመሩ ሲሆን፣ ለመግባት የሚያስፈልገው ስምና አድራሻን የመሰለ ጥቂት መረጃ በፖስታ መላክ ብቻ ነበር፤ የማመልከቻ ክፍያ አልነበረውም። ጠበቆቹ ማንም በነጻ ሊያደርገው ለሚችለው ነገር ገንዘብ እየተቀበሉ እናግዛችሁ ይሉ ነበር፤ ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ ዕድሉም ዳግም ላይገኝ ይችላል የሚል ጥድፊያ ጨምረውበት።

ዲቪ የሚሞላበት ወቅት ሲደርስ የአዲስ አበባን መንገዶች ያየ ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል። በኢንተርኔት ቤቶች ደጃፍ ላይ የሚለጠፈው «ዲቪ እንሞላለን» የሚለው ወረቀት፣ በየቴሌግራሙ የሚዞረው «የመጨረሻ ዕድል»፣ ክፈሉና ዕጣው እንዲደርሳችሁ እናደርጋለን የሚለው ሁሉ ከዚያው ዘር ነው። ከሁሉ በላይ ስሜቴን የነካው ግን ሌላ ነው። የዚያ ማስታወቂያ ዒላማ እንደ እኛ ያለ ሰው ነበር፤ አገሩን ትቶ ለመሄድ የሚያስብ፣ የውጭ ቅጽ የሚያስፈራው፣ ያልገባውን ነገር የሚያውቅለት ሰው የሚፈልግ። ይህ መንገድ ሲጠረግ በስደተኛ ተስፋ ላይ ነው የተጠረገው።

ተቃውሞው ከባድ ነበር። ለጠበቆቹ የኢንተርኔት አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ድርጅት ኮምፒዩተሮች በተቃውሞ መልእክት ብዛት ደጋግመው ቆሙ፤ ድርጅቱም አካውንታቸውን ዘጋ። ካንተር እ.ኤ.አ. በ1997 በቴነሲ ክፍለ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ሲነጠቅ ይኸው ማስታወቂያ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ከታየ በኋላ የሚዘጋው አልተገኘም።

ከዚያ ጊዜ ከተረፉት ነገሮች አንዱን እወደዋለሁ፤ እርሱም ሴዝ ብራይድባርት በተባለ ሰው ስም የሚጠራው መለኪያ ነው። ዩዝኔትን ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች አንድን መልእክት ይዘቱን ስላልወደዱት ብቻ ማንሣት አይገባንም ብለው አመኑ። ስለዚህ ምን እንደሚል ትተው ስንት ጊዜ እንደ ተለጠፈ ብቻ መቁጠር ጀመሩ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቅጂ የወጣባቸው ቡድኖች ቁጥር ስኩዌር ሩት ይወሰድና ሁሉም ይደመራል፤ ድምሩ በ45 ቀናት ውስጥ 20 ከደረሰ መልእክቱ እንዲነሣ ይፈቀዳል። አንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለዘጠኝ ቡድኖች በአንድነት ቢወጣ ውጤቱ 3 ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ለየብቻ ቢለጠፍ ግን 9 ይሆናል። የእኛን ዓርብ ሌሊት በዚህ አሰላሁት። የአፓርታማው ማስታወቂያ 31 ጊዜ ለየብቻ ስለተለጠፈ 31 ይመጣለታል። ሰውየው አንድ ጽሑፍ ጽፎ 31ዱንም ክፍሎች ቢያመለክት ኖሮ ውጤቱ ከ6 ያንስ ነበር። መለኪያው ፖለቲካ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር አይጠይቅም። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ አድሚን የሆነ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይረዳኛል፤ አንድ ጽሑፍ ባነሣን ቁጥር «የእነ እገሌ ወገን ስለሆናችሁ ነው» መባል የዘወትር እንጀራችን ነውና።

ሁሉን ደጋግሞ የሚለጥፍ ሰው ግን ነጋዴ ብቻ አይደለም። ከጠበቆቹ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ፣ አንድ ሰው የኢየሱስ ክርስቶስ ዳግም ምጽአት መቅረቡን የሚያውጅ መልእክት በሁሉም የዩዝኔት ቡድኖች ላይ አውጥቶ ነበር። ምንም አይሸጥም። የሰዎች ነፍስ አሳስቦት ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኛል። ጋሼ የምላቸው አንድ አዛውንት ተወልደው ላደጉባት የገጠር ቀበሌ ትምህርት ቤት ዴስክ ለማሠራት ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። ጽሑፋቸውን 11 ክፍሎች ውስጥ አገኘሁት፤ በሌሎች ሦስት የማኅበረሰብ ድረ ገጾችም አንድ ፊደል ሳይለወጥ ተቀምጧል። ዝም ብዬ ላንሣው ስል የእናቷ ማስታወቂያ የጠፋባት ሴት ትዝ አለችኝና ደወልሁላቸው።

«ጋሼ፣ ጽሑፍዎን 11 ቦታ አየሁት። አንዱን ትቼ ሌሎቹን ላነሣ ነው፤ ሳይነገራቸው አነሡባቸው እንዳይባል ብዬ ደወልሁ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ አንድ ቦታ ብቻ ብጽፈው ማን ያየዋል? የቤት ሻጩ፣ የመኪና ሻጩ እየመጣ ይጭንብኛል። ልጆቹ እኮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚማሩት።»

የምመልሰው አጣሁ። የተናገሩት እውነት ነበር። ሌላው ሰው ስለሚደጋግም እርሳቸው ይደጋግማሉ፤ እርሳቸው ስለሚደጋግሙ ቀጣዩ ሰው ይደጋግማል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢናገር እያንዳንዱ ድምፁን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ በመጨረሻም ጩኸቱን እንጂ ማንንም የሚሰማ አይኖርም። ስለዚህ ለጋሼ አንድ ነገር ልጠይቃቸው አልቻልሁም፤ መጀመሪያ እኛ ራሳችን አንድ ጊዜ የተጻፈ ጽሑፍ የሚታይበት ገጽ ልንሰጣቸው ይገባ ነበር።

እንዴት ይሰጣል? በዚህ ላይ አራታችን ለወራት ተከራክረናል። ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩን። አንደኛው የደቡብ ኮሪያው የዜና ድረ ገጽ ኦማይኒውስ የሄደበት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2000 በኦ ዮን ሆ መሥራችነት ሲጀመር 727 ዜጋ ዘጋቢዎች ነበሩት፤ ማንኛውም ዜጋ ዘጋቢ ነው የሚል እምነት ይዞ ቢነሣም፣ የሚላከው ጽሑፍ ግን በደመወዝ በሚሠሩ አርታኢዎች ዓይን ሳያልፍ አይወጣም። ሁለተኛው የኢንዲሚዲያ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 የዓለም ንግድ ድርጅት ጉባኤ በሲያትል ሲካሄድ ተቃዋሚዎች የከፈቱት ይህ ድረ ገጽ፣ ከሲድኒ አውስትራሊያ በመጣ አክቲቭ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ቆሞ፣ ማንም ሰው ዜናውን፣ ፎቶውንና ድምፁን በቀጥታ እንዲያወጣ ፈቀደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ በሆኑ ከተሞችና አካባቢዎች የራሳቸው ማዕከላት ተመሠረቱ። በሩ ክፍት ስለነበር ማስታወቂያውም፣ የዘረኛው ጽሑፍም፣ በየከተማው ድረ ገጽ እየተገለበጠ የሚለጠፈው መግለጫም በዚያው በር ገባ።

የኢንዲሚዲያ ሰዎች ያገኙትን መፍትሔ ሳነብ ከወንበሬ ብድግ አልሁ ብል ማጋነን አይሆንም። በብዙዎቹ ማዕከላት የማይገባ ጽሑፍ አይሰረዝም ነበር፤ ከፊት ገጹ ይነሣና ማንም ከፍቶ ሊያየው በሚችል ሌላ ገጽ ይቀመጣል። ተሰውሯል፣ ግን አልጠፋም። ጠባቂው የሠራውን ሥራ ሕዝቡ ያየዋል፤ ያላግባብ ተነሣብኝ የሚል ሰውም ማስረጃው በእጁ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ብቻውን ኢንዲሚዲያን አላዳነውም፤ ጠባቂዎቹ ደክመው ሲሄዱ ሰሌዳዎቹ በማስታወቂያ የተሞሉባቸው ከተሞች ነበሩ። ስውሩን ገጽ በየቀኑ የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይደክመዋል።

ከእኛ አንዱ ሁሉም ጽሑፍ በቅድሚያ ይታይ የሚል አቋም ነበረው። መጀመሪያ ላይ እኔም ወደ እርሱ አዘንብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የራሳችን ሰዓት ነው። ከአራታችን ሁለቱ ሌሊት ይሠራሉ፤ አንዷ ሕፃን ታሳድጋለች። ያች ሴት የእናቷን ማስታወቂያ የጻፈችው ዓርብ ማታ ነው። ቅድመ ፈቃድ ቢኖር ኖሮ ጽሑፏ ምናልባት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይወጣ ነበር፤ ሌባው የወሰደባትን ጊዜ እኛ ጠባቂዎቿ ልንወስድባት ማለት ነው። ስለዚህ በሩን አልዘጋንም፤ ስውር ገጽ ከፈትን፣ በእያንዳንዱ የተነሣ ጽሑፍ ሥር የተነሣበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርን፣ የሌሊት ተራ ተከፋፈልን።

ከቴክኒክ መንገዶች ጥቂቶቹን ሞክረናል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ካፕቻ በሚል ስም የሚታወቀውን፣ የተጣመሙ ፊደላትን አንብቦ መጻፍን የሚጠይቀውን ፈተና አስገብተን ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይተን አነሣነው። የተጣመሙት ፊደላት የላቲን ናቸው፤ ያቆማቸውም በስልካቸው በአማርኛ የሚጽፉትን እናቶቻችንን ነው። የጎግል፣ የያሁና የማይክሮሶፍት የፍለጋ አገልግሎቶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 የተቀበሉት ኖፎሎው የሚባል ምልክት ግን እስካሁን አለ። ምልክቱ የተደረገበት ሊንክ በፍለጋ ውጤት ላይ የባለቤቱን ደረጃ ከፍ አያደርግለትም። በየገጹ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ለአንባቢ ሳይሆን ለፍለጋ ሞተር የተጻፉ በመሆናቸው ትርፉን ያስቀርባቸዋል፤ ለጣፊው ግን ይህን ለማጣራት አይደክምም፤ መለጠፉን ይቀጥላል።

ይበልጥ ያስቸገረን የራሳችን ፊደል ነው። ሶፍትዌሩ ተመሳሳይ ጽሑፎችን የሚለየው ፊደል በፊደል እያመሳከረ ነበር። አንዱ ቅጂ «ሠራተኛ» ሌላው «ሰራተኛ» ካለ፣ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ፣ አንዱ በአራት ነጥብ ሌላው በሁለት ድርብ ነጥብ ከጨረሰ፣ ለማሽኑ የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። የአፓርታማው ለጣፊ ይህን አውቆ ያደረገው አይመስለኝም፤ ከ31ዱ ቅጂዎች ግን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቻለሁ። መፍትሔው ከማመሳከሩ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ መመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያመልጠን ድግግሞሽ በጣም ቀነሰ። ለፊደላቱ ልዩነት ከልቤ የምቆረቆር ሰው ነኝ፤ ለዚህ ሥራ ግን ማሽኑ ልዩነቱን እንዲረሳው ፈቅጃለሁ።

ሕግ ይረዳን ይሆን ብለንም አይተናል። የአሜሪካው እ.ኤ.አ. የ2003 የአይፈለጌ መልእክት ሕግ ትኩረቱ የንግድ ኢሜይል ነው፤ የኢትዮጵያው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚላክ የንግድ ኢሜይልን የሚመለከት ድንጋጌ አለው። ማንም በሚጽፍበት ሰሌዳ ላይ 31 ጊዜ የጻፈን ሰው በእነዚህ መከታተል አስቸጋሪ ነው፤ ቢቻልም የዴስክ ገንዘብ የሚሰበስቡ አዛውንትን በሕግ ስም የሚያስፈራራ አድሚን መሆን አልፈልግም።

ለጋሼ የነገርኋቸው ይህን ነው፦ ጽሑፉን አንድ ጊዜ፣ በሚገባው ክፍል ያውጡት። ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎችን በእርግጥ የሚመለከት ከሆነ እዚያ አንድ መስመር ጽፈው ሊንኩን ያድርጉበት፤ ያችን አንድ መስመር ግን ለእዚያ ቦታ ሰዎች ብለው ይጻፏት፣ ለምን ወደ እነርሱ እንደመጡ ይንገሯቸው። አዲስ ነገር ሲኖር አዲስ ጽሑፍ አይክፈቱ፣ በዚያው ላይ ይጨምሩበት። እኛም በበኩላችን አንድ ሰው በቀን በፊት ገጹ ላይ ሊኖረው የሚችለውን ጽሑፍ በሁለት ገደብነው፣ የሐዘን መልእክቶች ደግሞ ምንም ቢለጠፍ ለሁለት ቀን ከላይ እንዳይወርዱ አደረግን። ገደቡ አንዳንድ ሰዎችን አስቆጥቷል። በየቀኑ አምስትና ስድስት እውነተኛ ዜና ይጽፍ የነበረ አንድ ትጉ ሰው ትቶን ሄዷል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ በሊንኩ ተቸግረው ነበር። ልጃቸው አሳየቻቸው። ጽሑፋቸው አሁንም አንድ ነው፤ ከሥሩ ግን በየጊዜው የተጨመሩ መስመሮች አሉ፦ 14 ዴስክ፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ የአናጢው ስልት እንደተቀየረ፣ ከዚያ አዲሱ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሦስት ሴቶች ልጆች ፎቶ። ቀድሞ 11 ቦታ ተለጥፎ ሳለ ከሁሉም ተደምሮ ያልመጣለት አስተያየት በዚያ በአንዱ ሥር ተጠራቅሟል። አንድ ሰው ከጀርመን ጽፎ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደነበረ፣ ድንጋዩንም እንደሚያስታውሰው ነግሯቸዋል።

ባለፈው ወር ያች ሴት የእናቷን ሙት ዓመት ማስታወቂያ አወጣች። ዓርብ ማታ ነበር፤ ተረኛዋም እኔ ነበርሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ የብድር ማስታወቂያ በተለያዩ ክፍሎች መታየት ጀመረ፤ አራተኛው ሲመጣ ሦስቱን ወደ ስውሩ ገጽ ወስጄ ምክንያቱን ጻፍሁ፣ ለለጣፊውም መልእክት ላክሁለት። ሊነጋጋ ሲል ሻይ አፍልቼ እንደገና ገጹን ከፈትሁት። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰዓቱ፣ የእናቷ ሙሉ ስም፣ ሁሉም ከላይ ነበረ፤ ከሥሩም ሁለት ሰዎች «እንመጣለን» ብለው ጽፈዋል።